አገጩ ላይ ማህተም ያለበት ሰውዬ

አባቴ ሲሞት ለቀብሩ የሚሆን ፎቶ ጠፋ። ጠፋ ማለትም አይቻልም፤ ለመጥፋት መጀመሪያ መኖር ነበረበት። ዕድሜውን በሙሉ በፎቶ ቤት ያሳለፈ ሰው ነው። የሰፈሩን ሙሽራ፣ ተመራቂና ጡት ያልጣለ ሕፃን ሁሉ "ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ አትተንፍስ" እያለ ሲያነሳ ኖሮ፣ ለራሱ የሚሆን አንድ ፎቶ ሳያስቀር ሄደ። አልበሙን ሁሉ አገላበጥን። እናቴ አለች፣ አጎቴ አለ፣ የአጎቴ አሮጌ መኪና እንኳ ከፊትም ከኋላም ከጎንም ተነስታለች። አባቴ የለም። እሱ የነበረው ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነው።

በመጨረሻ የተገኘው መታወቂያው ላይ የተለጠፈችው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ጉርድ ፎቶ ናት። እሷን ወስጄ አሳደግኳት። ፎቶዋ ስታድግ ላይዋ ያረፈው ማህተምም አብሮ አደገ። ስለዚህ ለቀስተኛው የተሰናበተው አገጩ ላይ ግማሽ ክብ ሰማያዊ ማህተም ያለበትን ሰውዬ ነው። አጎቴ ፎቶውን ትኩር ብሎ አይቶ፣ "ወንድሜ በሕጋዊ መንገድ ነው የሞተው" አለ። እናቴ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ፎቶውን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። አሁንም እዚያው ነው።

ፎቶ ቤቱን ወረስኩ። ውርስ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። የወረስኩት ዣንጥላ የተገጠመለት መብራት፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃና "ዛሬ ተነስተው ዛሬ ይውሰዱ" የሚል ሰሌዳ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ ቤቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ መዞር ከጀመረ ወዲህ ዛሬ የሚነሳም ዛሬ የሚወስድም አልተገኘም። አጎቴ ምክር መስጠት እንደ መተንፈስ የሚቀለው ሰው ነውና፣ "ኮምፒውተር ተማር" አለኝ። ስለ ኮምፒውተር ምኑን እንደምማር አልነገረኝም። ዝርዝር ነገር አይወድም።

ዝርዝሩን የነገረኝ ስልኬ ላይ ያገኘሁት አንድ ጎረምሳ ነው። ከኋላው ወይን ጠጅ መብራት አብርቶ፣ "በስድስት ወር ኮምፒውተር ቪዥን ኢንጂነር ይሁኑ" ይላል። ሥራው ለኮምፒውተር ማየት ማስተማር ነው አለ። እኔ ደግሞ ብርሃን ከየት በኩል እንደሚመጣ ሲነገረኝ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ይኼማ የኔ ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።

"ኮምፒውተሩ ምን ሊያይ ነው?" አለችኝ።

"የሰው ፊት፣ መኪና፣ መንገድ።"

"እኛ እያየነው አይደል እንዴ" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ስድስት ወሩ ሒሳቡን ለመፍራት ብቻ በቃኝ። ለመልመድ ሌላ ጊዜ አስፈለገ። ከዚያ በዚህ ሙያ ያለፈ ሁሉ የሚያልፍበት ትልቅ ፈተና መጣ፤ ድመትን ከውሻ መለየት። የጎረቤታችን ልጅ ገና አፍ ሳትፈታ ያለ ምንም ኮርስ የምትለየውን፣ እኔ ስንት ሌሊት ኮምፒውተሬ እንደ ምድጃ እስኪግል ድረስ ሠርቼ ለየሁ። የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አጎቴ የምስክር ወረቀቱን አንብቦ፣ "ውሻ ካጋጠመን እንጠራሃለን" አለ።

ቀጥሎ ሥራ ፍለጋ ነው። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ የሚፈልጉት የአምስት ዓመት ልምድ ያለው ጀማሪ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እስኪወለድ ድረስ፣ ለእንደኔ ዓይነቱ የተረፈው በፎቶ ላይ ሳጥን መሳል ነው። መኪና ባየህ ቁጥር ዙሪያውን ሳጥን ትስላለህ፤ እግረኛ ባየህ ቁጥር ዙሪያውን ሳጥን ትስላለህ። ኮምፒውተሩ ከዚያ ይማራል ይባላል። እኔ የተማርኩት የአንገት ሕመም ምን እንደሆነ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ራሱ ሳጥን ይታየኝ ጀመር። እናቴ ግን ለሰፈሩ ሁሉ "ልጄ ኢንጂነር ሆኗል" ብላ ጨርሳ ነበር። ሱቅ ስሄድ "ኢንጂነሩ መጣ" ይሉኛል፤ ኢንጂነሩ ዳቦ ገዝቶ ሳጥኑን ሊስል ይመለሳል።

በዚህ መሃል ነው የካርቶን ፋብሪካው የጠራኝ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ የሄዱበት ሆቴል ውስጥ ሰው በፊቱ ብቻ የሚገባበት በር አይተው ዓይናቸው እዚያው ቀርቷል። የራሳቸውን ፋብሪካ በር እንዲህ የሚያደርግላቸው ሰው ፈለጉ፤ ርካሹ እኔ ሆንኩ። ውሉ አጭር ነው። በሩ በምረቃው ዕለት ከሠራ ቋሚ ኢንጂነር እሆናለሁ። ካልሠራ አመሰግናለሁ ተብዬ ወደ ሳጥኔ እመለሳለሁ። ቋሚ መሆን ፈለግኩ። እንደዚያ የፈለግኩት ነገር ኖሮ አያውቅም። ለአንድ ጊዜ እንኳ የእናቴ ወሬ እውነት እንዲሆን ፈለግኩ።

ማሽኑ ሰው ለማወቅ መጀመሪያ ፎቶ ይፈልጋል፤ ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይ፣ ከታች። ለሠራተኛው "ፎቷችሁን ላኩ" ብለን ማስታወቂያ ለጠፍን። ሥራ አስኪያጁ በስልካቸው ራሳቸውን አንስተው ላኩ። ስልካቸው ደግሞ ትሑት አይደለም፤ ሽበቱን አጥቁሮ፣ ሽብሽቡን ተኩሶ፣ ጉንጩን እንደ ሕፃን አለስልሶ ነው የሚያነሳው። ማሽኑ በፎቶው ላይ ያለውን ወጣት በደንብ አወቀው። በበሩ የመጡትን ሽማግሌ ግን ከየት ያውቃቸዋል? ስለዚህ ደንብ አረቀቅኩ። "ማንኛውም ሠራተኛ የራሱን ፎቶ ራሱ አንስቶ ማስመዝገብ አይችልም፤ በሌላ ሰው እጅ መነሳት አለበት።"

ደንቡን ያጸደቁት የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናቸው። ከኋላቸው እትዬ መመሪያ እንላቸዋለን። ከ"መመሪያው እንደሚለው" ውጭ ዓረፍተ ነገር ጀምረው አያውቁም፤ ማህተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይመስላቸውም። ደንቤን ሲያነቡ ፊታቸው በራ። ሁለት ነገር ጨመሩበት። አንደኛ፣ ያልተመዘገበ ሰው በበሩ ሲያልፍ ማሽኑ ምስሉን ማስቀመጥ አይችልም፤ "የማይታወቅ ሰው" ብሎ ሰዓቱን ብቻ ይጽፋል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ "ገባ" እና "ቀረ" ከማለት ሌላ "መስክ" የሚል ነገር እንዲኖረው አዘዙ። መስክ ማለት ለሥራ ውጭ የወጣ ማለት ነው። በፋብሪካው ውስጥ ከአንድ ሰው በቀር መስክ የሚወጣ የለም። እሱም የሥራ አስኪያጁ የሚስት ወንድም ነው፤ ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ መስክ ነው፤ ማንም አይቶት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ራሴ አነሳሁ። ያቺን የአባቴን ዣንጥላ ከፎቶ ቤት አምጥቼ ካርቶኖቹ መሃል ተከልኳት። ማሽን ላይ የሚሠሩትን፣ የሚያሽጉትን፣ ሾፌሮቹን፣ ጽዳት የምትሠራዋን ሴትዮ፣ ጥበቃውን፣ ሁሉንም "ቀና በሉ፣ አገጭ ዝቅ፣ አትተንፍሱ" እያልኩ አነሳሁ። ሰው ሲያምርበት ደስ ይለኛል። ጽዳቷ ሴትዮ ፎቶዋን አይታ፣ "እኔ ነኝ?" ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ማሽኑ በእነዚያ ፎቶዎች ሲማር አንድም ሰው ከሌላ አላምታታም። ደረቴን ነፋሁ።

የሙከራው ጊዜ መጣ። በዚያ ጊዜ በሩ ክፍት ነው፤ ማሽኑ ሰውን አያግድም፣ ዝም ብሎ እያየ ይመዘግባል። እኔም በየቀኑ መዝገቡን እያየሁ ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት አቀርባለሁ። ሁሉም ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎልቶ ታየኝ። በየማለዳው ከሠራተኛው ሁሉ በፊት አንድ የማይታወቅ ሰው ይገባል፤ ማታም ከሁሉ በኋላ ይወጣል። ይኼንን ዓይኔን በጨው አጥቤ በትልቁ ጻፍኩት። "ማሽኑ ማንም ያልጠረጠረውን፣ ማለዳ ማለዳ ወደ ግቢው የሚገባ ጸጉረ ልውጥ አጋልጧል" ብዬ። ሥራ አስኪያጁ እጅግ ተደነቁ። ጥበቃው ያንን ሰውዬ እንዲይዝ በጥብቅ ታዘዘ። ምስኪኑ ጥበቃ ማለዳ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝና፣ "ጋሼ፣ ያ ሌባ መጣ?" እለዋለሁ። "እስካሁን ካንተ በቀር የመጣ የለም" ይለኛል። ሁለታችንም ራሳችንን እየነቀነቅን እንለያያለን።

የምረቃው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው በሙሉ ከበሩ ውጭ ተሰበሰበ። በሩ ተቆለፈ፤ ከዚህ በኋላ ማሽኑ ሲፈቅድ ብቻ ነው የሚከፈተው። ሥራ አስኪያጁ ቀደሙ። "እንኳን ደህና መጡ" አላቸው ማሽኑ፣ በእትዬ መመሪያ ድምፅ፤ የቀረጽነው የእሳቸውን ነው። ጭብጨባ ሆነ። ጽዳቷ ሴትዮ ባልዲዋን እንደያዘች ገባች። ሾፌሮቹ ገቡ። ማሽኑ አንዱንም አልሳተም። ሥራ አስኪያጁ ከወዲያ በኩል ቆመው፣ "እንግዲህ አሁን ደግሞ የማሽኑ አባት ይለፍ" አሉ።

የማሽኑ አባት አለፈ፤ ማለቴ ሊያልፍ ሄደ።

"አይታወቁም። እባክዎ ጥበቃውን ያነጋግሩ።"

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ቀልድ አስመስዬ ወደ ኋላ ተመልሼ እንደገና ቀረብኩ። "አይታወቁም።" መነጽሬን አወለቅኩ። "አይታወቁም።" ቀና አልኩ፣ አገጬን ዝቅ አደረግኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። በገዛ እጄ የሠራሁት ዕቃ በሰው ፊት ፊት ነሳኝ። ያኔ ነው ጥበቃው ከጎኔ መጥቶ ክንዴን በቀስታ የያዘኝ።

"አንተ ነህ እንዴ?" አለኝ፣ በሚያሳዝን ድምፅ። "ማለዳ ማለዳ የሚገባው?"

ሁሉንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። እኔን ያነሳኝ የለም።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ እትዬ መመሪያ የሙከራውን መዝገብ ይዘው ተቀመጡ። "መመሪያው እንደሚለው" አሉ፣ "መገኘትህ የሚታወቀው በማሽኑ ነው። በሙከራው ጊዜ አንድም ቀን ሥራ አልገባህም።"

"በየቀኑ ያዩኝ ነበር እኮ። ጠዋት ጠዋት ሰላም እንባባል የለም እንዴ?"

"እኔ አይቼሃለሁ። እኔ ግን መመሪያ አይደለሁም።"

ይኼንን ሲሉ እንኳ ያዘኑ መሰሉኝ።

"ማሽኑ ተሳስቷል" አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። "ማሽኑ ከተሳሳተ በሩ አልሠራም ማለት ነው። በሩ ካልሠራ ቋሚ አትሆንም። አልተሳሳተም ካልከኝ ደግሞ ከሥራ ቀርተሃል። የቀረ ሰው እንዴት ቋሚ ይሆናል?"

ጎበዝ ሰው ናቸው። ካርቶን ላይ መቅረታቸው ያሳዝናል።

"አልተሳሳተም" አልኩ መጨረሻ ላይ። "ከማሽኑ ጋር አልተዋወቅንም እንጂ እሱስ አልተሳሳተም። ጥፋቱ የፎቶ አንሺው ነው።"

ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ። "እስከ ነገ ጠዋት ተዋወቁ" አሉ። "በደንቡ መሠረት። ነገ በዚሁ ሰው ፊት ካለፍክ ቋሚ ነህ። ካላለፍክ ማሽኑን ትተህልን ትሄዳለህ።"

"በደንቡ መሠረት" አሉ እትዬ መመሪያም፣ "በሌላ ሰው እጅ።"

ስወጣ ሠራተኛው አሁንም እየሳቀ ነው። ከእነሱ አንዱን እባክህ አንሳኝ ብዬ መለመን ሞት መሰለኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ከፍቼ ፎቶዬን ፈለግኩ። የማላውቀው ሰው ሠርግ አለ፣ የሰው ልደት አለ፣ የሰው ድመት አለ። ልጅ ሆኜ የአባቴ አልበም ውስጥ ነበርኩ፤ ካሜራውን ከተረከብኩት ቀን ወዲህ ግን የትም የለሁም። የአባቴን ሙያ ትቼ ኢንጂነር ሆንኩ ስል፣ ትቼው የመጣሁ የመሰለኝን ነገር ሁሉ ይዤው ዞሬያለሁ።

ቤት ስደርስ ፀሐይዋ ገና በሳሎኑ መስኮት ትገባ ነበር። ለእናቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ግድግዳውን አየት አድርጋ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ "አምጣው" አለች።

ስልኩን እንደ ትኩስ ሳህን በሁለት እጇ ያዘችው። "የቷን ነው የምጫነው?"

"ይቺን ነጯን ክብ።"

መጀመሪያ ያነሳችው ጣሪያውን ነው። ቀጥሎ እኔን አነሳች፤ ጭንቅላት የለኝም። ከዚያ የራሷን አውራ ጣት ከነቀለበቷ አነሳች። ብልጭ ባለ ቁጥር እሷ ትደነግጣለች። "ታበላሺዋለሽ እያለ እጄን አያስነካኝም ነበር" አለች። "አባትህ።"

"አውቃለሁ።"

"እኔም አንድ ቀን፣ አምጣው እኔ ላንሳህ ብዬው አላውቅም። ባበላሸው ምን ነበረበት?" ስልኩን ዝቅ አደረገች። "የተበላሸ ፎቶ ይኖረኝ ነበር።"

ወንበሩን ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁና ተቀመጥኩ። እሷም ዓይኗን ጠርጋ ስልኩን አነሳች።

"ቀና በል" አለችኝ። "አገጭህን ዝቅ። አትተንፍስ።"

አልተነፈስኩም።

ፎቶዎቹን ከበሩ ማሽን ጋር በተገናኘው ኮምፒውተሬ ውስጥ ስከት አጠገቤ ቆማ ታያለች። አብዛኞቹ ጠማማ ናቸው፤ ግን ፊቴ አለባቸው፤ ማሽኑ በየአንዳንዱ ፊቴ ዙሪያ አረንጓዴ ሳጥን እየሳለ ተቀበላቸው። መጨረሻ ላይ ያለችው ላይ ግን ቆመ። እዚያች ላይ ሁለት ሳጥን ነው የሳለው። አንዱ የኔ ፊት ላይ ነው። ሌላው ከትከሻዬ በላይ፣ ግድግዳው ላይ። "ሁለተኛ ፊት ተገኝቷል። ይመዝገብ?" ይላል።

ብዥ ያለ ነው፤ ከመታወቂያ ያደገ ነው፤ ግማሽ አገጩን ማህተም ሸፍኖታል። ማሽኔ ግን አግኝቶታል። እንዲህ ያለውን ፊት ያገኘዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች እናቴ።

"አባዬን አየው።"

"ማህተሙ አልከለከለውም?"

"አልከለከለውም።"

ጎንበስ ብላ ስክሪኑን ብዙ ቆይታ ተመለከተች። ኮምፒውተር ምን ሊያይ ነው ብላ የጠየቀችኝ ሴትዮ፣ "ዓይኑን ይባርከው" አለች፣ ስለ ኮምፒውተሩ።

"አይ" የሚለውን መጫን ነበረብኝ። የማንኛውም ኢንጂነር ሥራ ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ ሠራተኛ አይደለም። "አዎ" የሚለውን ተጫንኩ። ስም ጠየቀኝ፣ ጻፍኩ። የሥራ መደብ ጠየቀኝ። ፎቶ አንሺ ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት በዚያው ሰው ፊት በሩ ላይ ቆምኩ። "እንኳን ደህና መጡ" አለኝ። ጥበቃው ከሁሉም በላይ አጨበጨበ፤ ሌባውን ከመፈለግ ተገላገለ። ሥራ አስኪያጁ እጄን ጨበጡኝና ቋሚ ሆንኩ። አጎቴ ሲሰማ ይኼ ሁሉ የእሱ ምክር ውጤት መሆኑን ለሰፈሩ አስረዳ።

ወሩ ሲያልቅ እትዬ መመሪያ ቢሮዋቸው ጠሩኝ። ስክሪናቸውን ወደኔ አዞሩት።

"አንድ ሠራተኛ አለ" አሉ። "ከተመዘገበ ጀምሮ አንድም ቀን አልገባም። በየቀኑ ቀረ፣ ቀረ፣ ቀረ ነው የሚለው። መመሪያው እንደሚለው ማስጠንቀቂያ ልጽፍለት ነበር።" የመነጽራቸውን ጫፍ ይዘው ወደ ምስሉ ተጠጉ። "ማኅደሩን ሳየው ግን ማህተም አለው።"

"አለው" አልኩ።

"ታዲያ የት ነው ያለው?"

መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ የሲስተም ስህተት ነው፣ አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ የሚል። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። "ፎቶ ሊያነሳ ወጥቶ ነው" አልኩ።

እትዬ መመሪያ ስክሪኑን አዩ። እኔን አዩኝ። ደግሞ ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ እኔን፣ አገጬ አካባቢ። ስክሪኑን ወደ ራሳቸው መልሰው "ቀረ" የሚለውን አጠፉና "መስክ" ብለው ጻፉ።

"ሲመለስ ያሳውቀን" አሉኝ፣ ወደ ሌላ ወረቀት እየዞሩ።